ዶዮ ያላየው ባቡር

ነገሌ መናኸሪያ ውስጥ ዶዮን የማያውቅ ሹፌር አልነበረም። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ተራ አስከባሪ ሆኖ ሲሠራ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲጮህ የሰማው ሰው የለም። ሌሎቹ «ሻሸመኔ፣ ሻሸመኔ» እያሉ ጉሮሯቸው እስኪዘጋ ሲጣሩ፣ እሱ ከቲኬት መቁረጫው መስኮት አጠገብ በትሩን ተደግፎ ይቆምና መንገደኛውን አንድ በአንድ ያያል። ጫማውን ያያል፣ ሻንጣውን ያያል፣ ዓይኑ ወዴት እንደሚንከራተት ያያል። አገር የማያውቅ ሰው መሆኑን ሲለይ ቀስ ብሎ ይጠጋና ሰላምታውን ሳያቻኩል አድርሶ «ወዴት ነህ?» ይላል። ከዚያ በኋላ ያ ሰው ብቻውን አይጓዝም።

ዶዮ ፊደል አልቆጠረም። እኔም ብሆን ፊደል የለየሁት ሽበት ካወጣሁ በኋላ ነውና በዚህ ነገር አፌን ሞልቼ የምናገረው የለኝም። ነገር ግን ከነገሌ ተነስቶ ጎንደር፣ ሐረር ወይም ጂማ የሚሄድ ሰው የት እንደሚያድር፣ የት መኪና እንደሚለውጥ፣ የትኛው መናኸሪያ በስንት ሰዓት እንደሚከፈትና የት ኪስን መጠበቅ እንደሚያሻ ዶዮ በቃሉ ያውቅ ነበር። እሱ ራሱ ግን ከአዶላ አልፎ አያውቅም።

ትውልዱ አሬሮ ነው። በ1977ቱ ድርቅ የአባቱ ከብቶች አለቁ። አባትየው የመጨረሻዋ ላም በወደቀች በሳምንቱ ልጁን ጠርቶ «ከብት የሌለው ሰው እዚህ ምን ይጠብቃል? ሂድ» አለው። ዶዮ በትሩን ይዞ ነገሌ ገባና ጫኝና አውራጅ ሆነ። አማርኛን የተማረው ከጆንያ ሥር ሆኖ ነው።

ግንቦት 1983 ጦሩ ተበተነ። በነገሌው የጦር ካምፕ ዙሪያ ከየክፍለ ሀገሩ መጥተን የሰፈርን የወታደር ቤተሰቦች ነበርን፤ ግማሹ በአንድ ሳምንት ውስጥ ዕቃውን ሸክፎ ወደ አገሩ ለመመለስ መናኸሪያውን አጥለቀለቀው። አውቶቡስ የለም። አልፎ አልፎ የጭነት መኪና ሲመጣ ሰው ይረጋገጥበታል። ያን ጊዜ ዶዮ ማንም ሳይሾመው በትሩን አግድሞ ቆመና ልጅ ያዘሉትን ሴቶች ከፊት፣ ጎልማሶችን ከኋላ ማሰለፍ ጀመረ። ሰውም ታዘዘው። ለምን እንደታዘዝነው ዛሬም አላውቅም፤ ምናልባት ስላልጮኸብን ይሆናል።

ከነዚያ ሴቶች አንዷ እሙሽ የምትባል የአሥር አለቃ ሚስት ነበረች። አንዱን ልጅ አዝላለች፣ አንዱን በእጇ ይዛለች፤ ባሏ የት እንደገባ አይታወቅም። ደብረ ታቦር በየት እንደሚኬድ ዶዮን ጠየቀችው። እስከ ሻሸመኔ ያለውን ነገራት። «ከዚያስ?» አለችው። ከሻሸመኔ ወዲያ ያለውን መንገድ እሱም አያውቅም ነበር። መኪናው ተንቀሳቀሰ፤ እሷም ጭነቱ ላይ ሆና መልሱን እንደምትጠብቅ ሰው እያየችው ሄደች። መድረስ አለመድረሷን የሰማ የለም።

ዶዮ ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አጫውቶኛል። «እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ጆንያ ስሸከም የኖርኩ ሰው ነኝ» ይላል፤ «እንደዚያች ጥያቄ የከበደኝ ግን የለም።» ከዚያን ቀን ወዲህ ከሩቅ አገር የመጣውን ሁሉ መጠየቅ ያዘ። ሹፌሩን፣ ረዳቱን፣ ወታደሩን፣ በዝውውር የመጣውን አስተማሪ፣ ሁሉንም። የሰማውን በልቡ ያኖራል፤ ሌላ ሰው ሲመጣ ያመሳክራል። ሁለት ሰው ያላረጋገጠውን መንገድ ለመንገደኛ አይናገርም።

ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ የራሱን ዘዴ አበጀ። ሲባጎ ይቆርጥና በመንገዱ ላይ ላለው ለእያንዳንዱ ከተማ አንድ ቋጠሮ ይቋጥራል። መንገደኛው ከተማ በደረሰ ቁጥር አንድ ይፈታል፤ ቋጠሮው ሲያልቅ መውረጃው ደረሰ ማለት ነው። የመጀመሪያው ቋጠሮ ምንጊዜም ነገሌ ራሷ ናት። አውቶቡሱ ከመነሳቱ በፊት መንገደኛው እዚያው ዶዮ ፊት ይፈታታል። ዶዮም «ቶኮ» ይላል፣ አንድ ማለቱ ነው፤ ከዚያም መርቆ ይሸኛል። ወደራ ሁለት፣ አዶላ ሦስት እያለ ይቀጥላል። በዚህ መንገድ ስንት እናቶችን ልጆቻቸው ዘንድ እንዳደረሰ እግዜር ይወቀው።

በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። የደቡብ አውቶቡሶች የሚገቡት ቃሊቲ ነው፤ የባቡሩም አንደኛው ጫፍ ቃሊቲ ሆነ። ወሬው ነገሌ በደረሰ ማግስት ዶዮ ምርመራውን ያዘ። ከአውቶቡስ መውረጃው እስከ ባቡሩ ስንት እርምጃ ነው፣ ትኬቱ የት ይቆረጣል፣ በሩ በየትኛው ወገን ይከፈታል፣ ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙት የት ነው፣ አያት የሚሄድ ሰው የት ወርዶ የትኛውን ይጠብቃል። ኩራ የሚባለው የአዲስ አበባ መስመር ሹፌር ከእሱ ጥያቄ የተነሳ ምሳውን ቀዝቅዞ በላ። ወር ሳይሞላ ዶዮ ባቡሩን ሲነዳው የኖረ ይመስል ነበር።

ፈርሃና፣ ቲኬት ቆራጯ፣ በዚህ አትምረውም። «ኦቦ ዶዮ፣ ያላዩትን ባቡር እየሸጡልን እኮ ነው» ትለዋለች በመስኮቷ።

«አንቺስ ገነትን አይተሽ ነው የምትሰግጂው?» ይላታል። እሷም ሳቋን በመዳፏ ትይዛለች።

በ2009 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ጉያቱ ከአሬሮ በአይሱዙ መጣች። ሰባ ዓመት የሚሆናት፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። አማርኛ አትችልም፤ ከነገሌ ወዲያም ሄዳ አታውቅም። አዲስ አበባ ያለችው አንድ ልጇ ደራርቱ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ደርሳ እናቴ ትምጣልኝ ብላ ነው። ደራርቱ ነገሌ ስትማር አምስት ዓመት ያደረችው ዶዮ ቤት ስለሆነ ለእሱም ልጁ ናት። ባሏ አምሀ የእኛው የካምፑ ሰፈር የወታደር ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ጋራዥ ይሠራል።

አምሀ ቃሊቲ ድረስ መጥቶ ሊቀበላት ነበር ስምምነቱ። በዋዜማው ግን ደወለ። ደራርቱን የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ሐኪም ቤት አስተኝተዋታል፤ ከአጠገቧ ርቆ መሄድ አልቻለም። ሐኪም ቤቱ ለስታዲየም ቅርብ ነው። እሳቸው ከቃሊቲ በባቡር ቢሳፈሩ ስታዲየም አሥረኛው ጣቢያ ነውና እዚያ ወርደው ቢጠብቁኝ አለ። ዶዮም አይዞህ፣ በእኔ ይሁንብህ አለው።

ያን ምሽት ሁለት ገመድ አዘጋጀ። ነጩ ሲባጎ የአውቶቡሱ ነው። ለባቡሩ ከሚስቱ ቀይ ክር ለምኖ አሥር ቋጠሮ ቋጠረበት። በማለዳ መናኸሪያው ላይ፣ በአውቶቡሱ የሚወስዳት ኩራ ቃሊቲ ላይ ባቡሩ ውስጥ እንዲያስገባት አደራ ተባለ፤ ፈርሃና የአምሀን ስልክና «ስታዲየም» የሚለውን ቃል በወረቀት ጻፈችላት። ዶዮ ወረቀቱን አጣጥፎ ለጉያቱ ሰጣትና ይህን የምታሳዪው ከጠፋሽ ብቻ ነው፣ ከተማ ላይ ወረቀት ለሁሉም አይዘረጋም አላት። ቀዩ ክር ሲያልቅ ውረጂ፤ ከወረድሽበት ንቅንቅ አትበይ፣ አምሀ ይመጣል አላት። ጉያቱ የነጩን ሲባጎ የመጀመሪያ ቋጠሮ እፊቱ ፈታች።

«ቶኮ» አለ ዶዮ። «ናጋን ገሊ፣ ሃዳ ደራርቱ።» በሰላም ግቢ፣ የደራርቱ እናት ማለቱ ነው።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ እኔና ዶዮ መናኸሪያው አጥር ሥር ተቀምጠን ሳለ ስልኩ ጮኸ። አምሀ ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስታዲየም ቆሜ ባቡር ባቆመ ቁጥር በር በር አያለሁ፣ እሳቸው የሉም አለ። ዶዮ ወዲያው ኩራ ዘንድ ደወለ። ኩራ ምሎ ተናገረ፤ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ትኬት ቆርጦ፣ ራሱ ገብቶ አስቀምጧት፣ በሩ ሊዘጋ ሲል ነው የወረደው። እንግዲያስ ሴትዮዋ ባቡሩ ላይ ወጥታለች። ከዚያ በኋላ የለችም።

አምሀ ለገሃር ሄደ፤ የለችም። ሜክሲኮ ሄደ፤ የለችም። እስከ አውቶቡስ ተራ ጣቢያ ድረስ ዘበኞቹን እየጠየቀ ወጣ። የጠፋ ሰው መውረጃውን አልፎ ይሄዳል እንጂ ምን ይሆናል? ሁላችንም ያሰብነው ይህንኑ ነው። እንደገና ሲደውል ድምፁ ተለውጧል።

«አባባ ዶዮ፣ ደራርቱ እናቴ ደረሰች ወይ እያለች ትጠይቀኛለች። መንገድ ላይ ናት ብያታለሁ። ሦስተኛ ጊዜ ምን ልበላት?»

ዶዮ ስልኩን ጭኑ ላይ አኑሮ መሬት መሬቱን አየ። ወደ ሻሸመኔ የሚሄደው ሚኒባስ ሞልቶ ሹፌሩ ተራ እንዲለቀቅለት ይጣራል፤ ዶዮ አልሰማውም። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ውስጥ ሥራውን ሲዘነጋ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ፈርሃና መስኮቷን ዘግታ ወጣችና አጠገቡ ቁጢጥ አለች። ፌዙን ትታዋለች።

ትንሽ ቆይቶ ዶዮ ከኪሱ የተረፈውን ቀይ ክር አወጣ። አሥር ቋጠሮ ቋጠረበት። ዓይኑን ጨፈነ። ለራሱ ይሁን ለእኛ አይታወቅም፣ ቀስ እያለ ይናገር ጀመር። እኔ ጉያቱ ነኝ። ኩራ እጄን ይዞ ባቡር ውስጥ አስቀመጠኝ። ኩራ ወረደ። ዕቃዬ ጭኔ ላይ ነው። ሰው ብዙ ነው፣ ቋንቋቸውን አላውቅም። ክሩን አወጣሁ።

ይህን ሲል ጣቱ የመጀመሪያውን ቋጠሮ ፈታ።

«ምን ሆነው ፈቱት?» አለች ፈርሃና። «ባቡሩ እኮ ገና አልተነሳም።»

ዶዮ ዓይኑን ገለጠ። የተፈታውን ክር አየ፣ እሷን አየ፣ እኔን አየ።

በእነዶዮ አገር በአሬሮ ከብት ውኃ የሚጠጣው በሦስተኛው ቀን ነው ይባላል። እኛ ብንሆን ዛሬ ጠጥቶ ከሦስት ቀን በኋላ ይመስለናል። የእነሱ አቆጣጠር ግን ሌላ ነው። ኤላ በሚሉት ጥልቅ ጉድጓድ ላይ ከብቱ የጠጣበት ዕለት ራሱ አንድ ነው፤ ግጦሽ የዋለበት ቀን ሁለት ነው፤ ተመልሶ የሚጠጣበት ሦስት። የተነሱበት ቦታ ይቆጠራል። ዶዮም የመናኸሪያውን ሲባጎ በዚሁ ልማድ ነበር ነገሌን አንድ ብሎ የሚጀምረው። የባቡሩን ክር ሲቋጥር ግን አምሀ በስልክ የነገረውን አሥር እንዳለ ወሰደው። አምሀ የከተማ ልጅ ነው፤ ቃሊቲን አልቆጠረም። ጉያቱ ደግሞ ቃሊቲ ላይ ተቀምጣ፣ ነገሌ ላይ እንዳደረገችው ሁሉ፣ ቶኮ ብላ አንዱን ፈትታለች።

«አላለፈችም» አለ ዶዮ። «አንድ ጎድሏታል።»

የአምሀን ቁጥር የመታችለት ፈርሃና ናት። ዶዮ ለአምሀ እንዲህ አለው፦ «ወደፊት መፈለግህን ተው። ወደ ቃሊቲ አቅጣጫ አንድ ጣቢያ ብቻ ተመለስ። እዚያ ናት። ካለችበት አትነቃነቅም፣ እኔ ነኝ አትነቃነቂ ያልኳት።»

ከስታዲየም ወደ ቃሊቲ ሲሉ የመጀመሪያው ጣቢያ መሿለኪያ ይባላል። አምሀ ወደ ስታዲየም እንደተመለሰ ባቡር መጠበቁ ስለረዘመበት በእግሩ ሮጠ። እኛ መናኸሪያው ውስጥ ስልኩን መሐል አድርገን ተቀመጥን። ዶዮ፣ ከብት የማይጠብቅ ሰው የከብት አቆጣጠር ይጠፋበታል አለ። ይህን ያለው ራሱን ነው። እኔ ትከሻውን ያዝኩት።

ስልኩ ሲጮህ የመጣው የአምሀ ድምፅ አልነበረም።

«አካም ኦልቴ፣ ዶዮ?» አለች ጉያቱ፤ እንዴት ዋልክ ማለቷ ነው። የቤቱን ሰላም፣ የሚስቱን ሰላም፣ የአገሩን ሰላም አንድ በአንድ ጠየቀችው። እሱም በየተራው መለሰ፤ እንባው እየወረደ ሰላምታውን አላቋረጠም። ከዚያ በኋላ ነው ወረቀቱን ለምን አላሳየሽም ብሎ የጠየቃት።

«ወረቀቱ ለጠፋ ሰው ነው ብለኸኛል» አለችው። «እኔ መቼ ጠፋሁ? ቆጥሬ ጨረስኩ፣ ወረድኩ፣ ተቀመጥኩ። የጠፋው አማቼ ነው።»

«ልክ ነሽ» አለ ዶዮ። «አንቺ ልክ ነሽ፣ ሃዳ ደራርቱ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

አምሀ እንደነገረን፣ ያገኛት የብረት መቀመጫ ላይ ወገቧን ቀጥ አድርጋ፣ ለአራስ ቤት ያመጣችውን ቅቤ ታቅፋ ነው። የጣቢያው ዘበኛ ውኃ ሰጥቷታል፤ አንዲት ተማሪ ዳቦዋን አካፍላታለች። ሊያናግሯት ለሞከሩት ሁሉ «ናጋ»፣ ሰላም ነው፣ እያለች ፈገግ ትላለች፤ ሰዎቹም ሰው እየጠበቀች ነው ብለው ትተዋታል። በእርግጥም እየጠበቀች ነበር። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ደራርቱ አልጋ አጠገብ ተቀመጠች። ሕፃኗ በማግስቱ ጠዋት ተወለደች። እናትም ልጅም ደህና ናቸው ሲባል ፈርሃና ከረሜላ ገዝታ ለሹፌሮቹ አደለች።

ዶዮ ግን አልተረጋጋም። ሦስት ቀን ሙሉ ለአዲስ አበባ መንገደኛ አንድም ክር አልቋጠረም። ደግሞ የሚሄደው በኩራ አውቶቡስ ነው፣ ኩራ ያደርሰዋል እያለ ይሸሻል። ሰው እሱን ብሎ ከሩቅ መጥቶ አንገቱን ደፍቶ ሲመለስ አየሁና ተቆጣሁት። የአንድ ቋጠሮ ስህተት ነው፣ ሴትዮዋም ደርሳለች፣ ምን ይሁን ነው የምትለው አልኩት። ያላየሁትን መንገድ ለሰው ስሰጥ ነው የኖርኩት አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ በትሩን ይዞ መጣና ከፈርሃና መስኮት ፊት ተሰለፈ። እንደማንኛውም መንገደኛ ተራውን ጠብቆ ለራሱ ትኬት ቆረጠ። ፈርሃና ወዴት ነዎት ብላ ጠየቀችው፤ ልማዱን በራሱ ላይ ስታዞርበት ሳቀ። አውቶቡሱ ሲወጣ መናኸሪያው በሙሉ ቆሞ ሸኘው።

የቀረውን የሰማሁት ከአምሀ ነው። ዶዮ አራሷን ጠይቆ፣ ሕፃኗን መርቆ፣ ምሳ ከበላ በኋላ ጉያቱን የተቀመጥሽበትን ቦታ አሳዪኝ አላት። ሦስቱ ከስታዲየም በእግራቸው ሄዱ። ዶዮ መንገዱን ሁሉ እርምጃውን እየቆጠረ ነበር። ከነገሌ መናኸሪያ እስከ ካምፑ በር ከሚሄደው መንገድ ያንሳል። ያን ያህል ቅርብ ነበረች።

ጉያቱ መቀመጫዋን አሳየችውና ተቀመጠ። እሷም አጠገቡ ተቀመጠች። «ይኸው የአንተ ስታዲየም» አለችው እያሾፈች። አንድ ባቡር መጥቶ ቆመ፣ ሰው ወረደ፣ ሰው ወጣ፣ ሄደ። ዶዮ አንገቱን አዙሮ እስኪሰወር ድረስ አየው። ሌላ መጣ። እሱም ሄደ። አምሀ እንግዲህ እንነሳ፣ ደራርቱ ብቻዋን ናት አላቸው።

«ስንት ሰዓት ተቀመጥሽ አንቺ?» ብሎ ጠየቃት ዶዮ።

«ፀሐይ ከአናቴ ተነስታ እስክታዘቀዝቅ።»

«ልጄ፣ አንተ ቅደም» አለው ለአምሀ። «እኔም ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ልቆይ።»

ጉያቱም ነጠላዋን አስተካክላ ከእሱ ጋር ቀረች።